በጥላው ውስጥ ያለው ማሳ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያቀና መንገደኛ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ዳባት እስኪደርስ ድረስ የሚያየው ምድር ገራም ነው። የወገራ ደጋ ገብስና ስንዴ የሚዘራበት፣ ከብት በየመስኩ የሚሰማራበት፣ ሰማይና ምድር በሩቅ አድማስ የሚገናኙበት ሰፊ አገር ነው። ከዳባት እስከ ደባርቅም መልኩ እምብዛም አይለወጥም። ከደባርቅ በኋላ ግን ምድሩ ድንገት ይቆረጣል። አንዱ መንገድ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የገደሉን ጠርዝ ይዞ ወደ ሳንቃ በርና ወደ ጨነቅ ይወጣል። ገደሉ አንዳንድ ቦታ እስከ 1,500 ሜትር ይደርሳል። በአፋፉ ላይ የቆመ ሰው የከፍታውን መጠን በይበልጥ የሚረዳው ከእግሩ ሥር የሚያንዣብቡትን አሞሮች ጀርባ ሲያይ ነው።

ይህ አገር ከፎቶግራፍ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ተቋቁሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከእነርሱ አንዱ ለመሆን በቃ። ዋልያው፣ ጭላዳው፣ ጅብራውና ገደሉ በመጽሐፍ፣ በፖስተርና በቀን መቁጠሪያ ላይ ሲታተሙ ኖረዋል። ዛሬ ደግሞ ስልክ የያዘ መንገደኛ ሁሉ የየራሱን ስሜን በኪሱ ይዞ ይመለሳል። ምስሉ እንዲህ በበዛበት ጊዜ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ብርሃኑ የወደቀው በማን ላይ ነው፣ ከጨለማው ውስጥ የቀረውስ ማን ነው የሚለው ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት የገደሉን አቀማመጥ ማወቅ ይጠቅማል። የስሜን ታላቁ ገደል ፊቱን የሰጠው በአብዛኛው ለሰሜን ነው። አገሩ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ13ኛው ዲግሪ አካባቢ ስለሚገኝ ፀሐይ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ በአናቱ ላይ ታልፋለች፤ በበጋው ወራት ግን ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በታኅሣሥ እኩለ ቀን እንኳ 1,500 ሜትር ቀጥ ብሎ የቆመ ገደል ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጥላ ወደ ግርጌው ይጥላል። እንግዲህ መንገዱ ደርቆ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ እንግዳ ወደ ተራራው በሚወጣበት ወቅት ገደሉ የራሱን ጥላ ለብሶ ይውላል ማለት ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ካሜራውን ወደ ሰሜን ሲያዞር ሦስት ዓይነት ብርሃን ባንድ ጊዜ ይገጥመዋል። ከላይ ደመናና ሰማይ አለ፤ ከእግሩ ሥር ፀሐይ ያረፈበት ጓሳ አለ፤ ከዚያም ቁልቁል ጥቁሩ ድንጋይ፣ ከድንጋዩም ግርጌ በጥላ የተዋጡ ቤቶችና ማሳዎች አሉ።

ለሰማዩ ለክቶ ቢያነሣ ገደሉ ከሰል ይሆናል፤ ለገደሉ ለክቶ ቢያነሣ ሰማዩ እንደ አቡጀዴ ይነጣል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሰማዩ ነው፤ ደመና ዓይን ይስባልና። በዚያ ምርጫ ከሰል ሆኖ የሚቀረው ግን ድንጋዩ ብቻ አይደለም። በጥላው ውስጥ የሚታረስ ማሳ አለ፤ ጭስ የሚወጣው ጎጆ አለ፤ ውሃ ቀድታ ዳገት የምትወጣ ሴት አለች። ባለሙያዎች በምሕጻሩ ኤች ዲ አር የሚሉት፣ በአማርኛ ሰፊ የብርሃን ክልል ሊባል የሚችለው የፎቶግራፍ ዘዴ ሰማዩንም ጥላውንም በአንድ ምስል ለማኖር የተፈለሰፈ ነው። ለመሆኑ ይህ ዘዴ ለስሜን ምድርና ለሕዝቡ ምን ይፈይዳል?

መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ ትንሽ ቁጥር ያስፈልጋል። የፎቶግራፍ ሰዎች ብርሃንን የሚቆጥሩት በእጥፍ ነው። አንድ እርከን፣ እነርሱ ስቶፕ የሚሉት፣ የብርሃኑ መጠን እጥፍ የሚሆንበት ወይም በግማሽ የሚቀንስበት ልክ ነው። 10 እርከን 1,024 እጥፍ፣ 14 እርከን 16,384 እጥፍ ይሆናል። ፀሐይ ካረፈበት ደመና እስከ ጥቁር ድንጋይ ስንጥቅ ያለው ልዩነት 17 እርከን ሲደርስ ከአንድ መቶ ሺህ እጥፍ ያልፋል። በዚህ ዘመን ያለ ጥሩ ካሜራ በአንድ ምት የሚይዘው 14 እርከን ያህል ነው። ወረቀት ደግሞ ከካሜራውም እጅግ ያነሰ አቅም አለው። በመጽሔት ገጽ ላይ በነጩና በጥቁሩ መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ እጥፍ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ተራራውን ወደ ገጽ ማምጣት የመቶ ሺህን ነገር በመቶ መናገር ነው። ብዙ ነገርን በጥቂት ስንኝ የመቋጠር ልማድ ላለው ባለቅኔ ይህ ሥራ እንግዳ አይሆንበትም።

የሰው ዓይን ይህን ችግር በራሱ መንገድ ይፈታዋል። ደመናውን ሲመለከት ብሌኑ ይጠብባል፤ ወደ ጥላው ሲወርድ ይሰፋል፤ አእምሮም በየተራ የተለቀመውን እያጋጠመ አንድ አገር ያደርገዋል። እረኛ በአፋፉ ላይ ቆሞ ደመናው ዝናብ ያዘለ መሆኑን ያያል፤ ጥቂት ቆይቶም ከታች ከጥላው ውስጥ ከመንጋ የተለየችውን ፍየል ለይቶ ያውቃል። ለእርሱ ገደሉ ከሰል፣ ሰማዩም አቡጀዴ ሆኖ አያውቅም። አንዳንድ ተቺዎች በአንድ ምት የተነሣ ፎቶግራፍ ብቻ እውነተኛ ነው፣ ከብዙ ምቶች የተገጣጠመው ግን የእጅ ሥራ ነው ይላሉ። ይህ አስተያየት በስሜን አፋፍ ላይ ሲፈተን አይጸናም። አንዱ ምት ራሱ አስቀድሞ ግማሹን አገር ጥሎ የመጣ ነውና።

ታሪኩን ለተከታተለ ሰው ይህ ጭንቀት ከፎቶግራፍ ጋር አብሮ አድጓል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነበሩት ሰሌዳዎች በይበልጥ የሚቀበሉት ሰማያዊውን ብርሃን ስለነበር ለምድሩ የሚበቃ ብርሃን ሲሰጣቸው ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይወጣ ነበር። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ እ.ኤ.አ. በ1856 እና በ1857 የባሕር ፎቶግራፎቹን ሲሠራ ለዚህ መላ አበጀ። ለባሕሩ አንድ፣ ለሰማዩ ሌላ ኔጌቲቭ አዘጋጅቶ ሁለቱን በአድማሱ መስመር ላይ በማጋጠም በአንድ ወረቀት አተማቸው። ሥራዎቹ ከፍ ያለ አድናቆት አተረፉለት። ይሁንና ለ ግሬ አንዱን የሰማይ ኔጌቲቭ ከአንድ በላይ በሆኑ ባሕሮች ላይ ተጠቅሞበታል። ስለዚህ ዘዴው ገና ከጅምሩ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው በቦታው የነበረውን ነገር ሁሉ ማሳየት ሲሆን ሁለተኛው ያልነበረ ሰማይ መዋስ ነው። የሚከተለው ክርክር ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ መንገዶች የሚመነጭ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ ከፍሬድ አርቸር ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ የዞን ሥርዓት የሚባለውን ነደፈ። ከፍጹም ጥቁር እስከ ፍጹም ነጭ ያለውን በ11 ዞን ከፍሎ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ገና ሳያነሣ የትኛው ነገር በየትኛው ዞን እንደሚውል እንዲወስን አስተማረ። ቻርልስ ዋይኮፍ ደግሞ የኑክሌር ፍንዳታን ለማንሣት፣ ለብርሃን ያላቸው ስሜት የተለያየ ሦስት ንብርብሮች ያሉት ፊልም ሠራ። የዲጂታል ዘመን ሲመጣ ስቲቭ ማንና ሮዛሊንድ ፒካርድ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ፖል ዴቤቬክና ጂተንድራ ማሊክ እ.ኤ.አ. በ1997 የተለያየ የብርሃን መጠን ያላቸውን ምቶች በኮምፒዩተር ስሌት ወደ አንድ የማዋሐዱን መንገድ በጥናቶቻቸው አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዘዴው በአይፎን ስልክ ውስጥ ገባ። ዛሬ ብዙዎቹ ስልኮች ባለቤቱ ሳያዝዛቸው ይሠሩታል። ቀድሞ የባለሙያው የነበረው ውሳኔ እንዲህ ባለ መንገድ ወደ ማሽኑ ተሻግሯል። ማሽኑ ግን ስለ ስሜን የሚያውቀው ነገር የለም።

የአሠራሩ ሥርዓት ሲታይ ለትምህርት የማያዳግት ነው። ካሜራው በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይጸናል። የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት አይለወጥም፤ ቢለወጥ በቅርቡና በሩቁ ያለው ነገር የጥራት መጠን ከምት ወደ ምት ይለያያልና። የሚለወጠው ብርሃኑ የሚገባበት ጊዜ ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው ምት በ1/500 ሰከንድ፣ ሁለተኛው በ1/125፣ ሦስተኛው በ1/30 ሰከንድ ይነሣል። እያንዳንዱ ከፊተኛው አራት እጥፍ ያህል፣ ማለትም ሁለት እርከን የሚበልጥ ብርሃን ይቀበላል። የመጀመሪያው ደመናውን፣ ሁለተኛው ጓሳውን፣ ሦስተኛው ገደሉንና የገደሉን ግርጌ ይይዛል። ኮምፒዩተሩም ከሦስቱ የጠራውን እየመረጠ ወደ አንድ ያዋሕዳቸዋል። ሰምና ወርቅ በአንድ ኅብረ ቃል ላይ እንደሚገናኙ ሁሉ በየምቱ የተያዘው ነገር በአንድ ገጽ ላይ ይገናኛል።

ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። ከሦስቱ ምቶች የተገኘው የብርሃን ሀብት ከወረቀት አቅም በላይ ስለሆነ ወደ ገጹ ልክ መጨመቅ አለበት። ደመናው ምን ያህል ይቀነስ? ጥላው ምን ያህል ከፍ ይበል? የድንጋዩ ጥቁረት የት ላይ ይቁም? ይህን የሚወስነው የሰው ፍርድ ነው። ጥላውን አብዝቶ ያነሣ ሰው ቀንና ሌሊት የተደባለቁበት፣ የገደሉ ጥልቀት የማይታወቅበት ምስል ያወጣል። በገደሉ ጠርዝና በሰማዩ መካከልም በቦታው ያልነበረ ነጭ ጸዳል ይፈጠራል። ጥላው ጥላነቱን ሳይለቅ በውስጡ ያለው ጎጆ እንዲለይ ማድረግ ከቻለ ግን ፎቶግራፍ አንሺው የእረኛውን ዓይን ተካክሏል ማለት ይቻላል።

ይህ ዘዴ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ችግሩ ይጠናል። በሳንቃ በር አጠገብ የጅንባር ወንዝ ከደጋው ጫፍ ተወርውሮ 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ወደ ጠባቡ ሸለቆ ይወርዳል። በክረምት ሞልቶ ያገሣል፤ በበጋ ቀጥኖ እንደ ክር ይንጠለጠላል። አረፋው ነጭ፣ ድንጋዩ ጥቁር፣ ሸለቆውም በጥላ የተሞላ ስለሆነ ሰፊ የብርሃን ክልል እንደዚህ የሚያስፈልግበት ቦታ ጥቂት ነው። ነገር ግን ድንጋዩ ቆሞ ሲጠብቅ ውሃው አይጠብቅም። በሰከንድ 10 ሜትር የሚወርድ ውሃ በ1/500 ሰከንድ ውስጥ ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ በ1/30 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ 33 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል። ሦስቱ ምቶች የያዙት እንግዲህ ሦስት የተለያዩ ውሃዎችን ነው። ሳይታሰብበት ቢዋሐዱ በማንኛውም ቅጽበት ያልነበረ፣ ጠርዙ የተበጣጠሰና እንደ ጥላ የሚደራረብ ፏፏቴ ይወጣል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንዲሉ፣ ካሜራውም አያፍሰውም።

የሠለጠነ ባለሙያ በዚህ ጊዜ ሁለት መፍትሔ አለው። አንደኛው ውሃውን ከአንዱ ምት ብቻ ወስዶ ድንጋዩንና ሰማዩን ከሌሎቹ ማሟላት ነው። ሁለተኛው በሌንሱ ላይ ብርሃን የሚቀንስ ማጣሪያ አድርጎ ምቶቹን ወደ ሙሉ ሰከንዶች ማርዘም ነው፤ ያን ጊዜ ውሃው በሁሉም ላይ እንደ ተባዘተ ጥጥ ለስልሶ ስለሚወጣ መገጣጠሙ ይቀላል። ሁለቱም መንገዶች ዋጋ ያስከፍላሉ። የመጀመሪያው የውሃውን ጉልበት ያቆያል፤ ሁለተኛው ያማረ ጨርቅ ያደርገዋል። የደጋው ውሃ ውሎ አድሮ ወደ ተከዜ የሚወርድ፣ በመንገዱም አፈር ጠርጎ የሚሄድ ኃይል መሆኑን የሚያውቅ ሠዓሊ፣ ውሃውን ጥጥ ከማድረጉ በፊት ጥቂት ያስባል።

የቆመ ውሃም የራሱ ጠባይ አለው። በነሐሴ በዳባትና በደባርቅ መካከል ዝናብ በመስክ ላይ ሲቋጠር ከላይ ቁልቁል ለሚመለከተው ሰው ውሃው ካረፈበት ብርሃን የሚመልሰው ከመቶ ሁለት ያህሉን ብቻ ስለሆነ ሣሩና ጭቃው በውስጡ ይታያሉ። በአግድም ከሩቅ ለሚመለከተው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ስለሚመልስ ሰማይ በምድር ላይ የወደቀ ይመስላል። በውሃው ውስጥ ያለው ሰማይ ዘወትር ከላዩ ሰማይ ጥቂት ይደበዝዛል። ልምድ የሌለው ሰው በኮምፒዩተሩ ሁለቱን እኩል ሲያደምቃቸው ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ እንኳ አንድ ነገር እንደተዛባ ይሰማዋል። ተፈጥሮ ለብርሃን የሰጠችው ሥርዓት አለ፤ ዘዴው ያንን ሥርዓት ማክበር ይኖርበታል።

ብርሃንን እኩል ማደል ለዚህ አገር የኪነ ጥበብ ሰዎች አዲስ ነገር አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣራው ሥር በረድፍ ከተሣሉት ባለ ክንፍ ፊቶች አንዱም በሌላው ጥላ አልተሸፈነም። የቀድሞዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ብርሃን ከአንድ ማዕዘን እንዲመጣ አላደረጉም። ጻድቁን በሙሉ ፊት፣ ኃጥኡን በጎን ሲሥሉ ፍርዳቸውን የገለጹት በአቀማመጥ ነበር እንጂ በጥላ አልነበረም። ተመልካቹም ይህን ስምምነት ስለሚያውቅ አልተታለለም። ፎቶግራፍ ግን ሌላ ቃል ገብቶ የመጣ ጥበብ ነው። ተመልካቹ በፎቶግራፍ ላይ ያየው ነገር በቦታው እንደነበረ አድርጎ ይቀበለዋል። ስለዚህ የሠዓሊው ነፃነት ለፎቶግራፍ አንሺው ያለ ቅድመ ሁኔታ አይሰጥም።

ቅድመ ሁኔታው ሲፈርስ ምን እንደሚከተል ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ቱሪዝም ሲመሠርቱና የ13 ወር ፀጋን መፈክር ሲያወጡ አገሪቱ በፖስተር ለዓለም መታየት ጀመረች። ፖስተር ማማለል ሥራው ነውና በዚህ አይወቀስም። በዘመናችን ግን የፖስተሩ ልማድ ወደ እያንዳንዱ ስልክ ገብቷል። የተቃጠለው የጥር ሣር የመስከረምን አረንጓዴ ይለብሳል። በጎርፍ የተቦረቦረው ተዳፋት የቀላ ወርቅ መስሎ ያበራል። የአፈሩ መሸርሸር፣ የግጦሹ መራቆት፣ የገበሬው ድካም ሁሉ በቀለም ጌጥ ይሸፈናሉ። ይህ ከለ ግሬ የተዋሰ ሰማይ የባሰ ነው፤ እዚህ የሚዋሰው ምድሩ ራሱ ነውና።

የዚህን ጥፋት ክብደት የሚያሳይ ምሳሌ ከሰሜን ኢትዮጵያ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመሐንዲሱ ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። ያነሡት ለጦሩ ዓላማ ነበር። ከ140 ዓመት በኋላ ግን ጃን ኒሰንና ባልደረቦቹ እነዚያኑ ቦታዎች ፈልገው ከዚያው ማዕዘን እንደገና በማንሣት አነጻጸሯቸው፤ ጥናታቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። ንጽጽሩ ምድሩ ከዚያ ዘመን ወዲህ እየተራቆተ ብቻ ሄዷል የሚለውን የተለመደ አስተያየት የሚፈትን ሆኖ ተገኘ። በብዙው ቦታ የዕፅዋቱ ሽፋንና የመሬቱ አያያዝ ከቀድሞው ተሽሎ ታይቷልና። ተዳፋቱ፣ ዛፉና ማሳው በአሮጌዎቹ ፎቶግራፎች ላይ እንደነበሩ ባይቀመጡ ኖሮ ይህን ማወቅ ባልተቻለም ነበር። ዛሬ በደባርቅ ዙሪያ የሚነሣ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከመቶ ዓመት በኋላ ምስክር ሆኖ ሊጠራ ይችላል። ቀለም የተቀባ ምስክር ለፍርድ አይበጅም፤ ጥላው ጠቁሮ ማሳውን የዋጠበት ምስክርም ከግማሹ ነገር በላይ አያውቅም።

በስሜን ይህ ነገር ይበልጥ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ድረስ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቷል። የዋልያው ቁጥር ማነስ፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው በደባርቅ ሰፈሩ። ዛሬ የግጭን አምባ የሚያነሣ ሰው የሚያገኘው ጓሳና ጅብራ ነው። ምስሉ ያምራል፤ ዋልያውና ጭላዳውም መኖሪያ ያስፈልጋቸዋል። ነገር ግን ምስሉን ብቻ ያየ ሰው በዚያ አምባ ላይ ገብስ ይዘራ እንደነበረ፣ ልጆች ተወልደው ይድጉበት እንደነበረ ሊገምት አይችልም። የቀድሞው ምስልና የዛሬው ጎን ለጎን ካልተቀመጡ የአምባው ታሪክ ይጎድላል።

የአምባው ሰዎች የገቡበት ከተማም ለካሜራ የራሱ ፈተና አለው። በደባርቅ እኩለ ቀን የቆርቆሮ ጣራ ዓይን ይወጋል፤ ከጣራው ሥር፣ በበሩ መቃን ተደግፎ የቆመው ሰው ፊት ግን ይጨልማል። ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ጋቢና ከጋቢው በላይ ያለው ጠይም ፊትም እንዲሁ የሰማይና የገደል ያህል ይራራቃሉ። ካሜራው ለጋቢው ከታዘዘ ፊቱ ይጠፋል። ይህ ችግር የተፈጥሮ ብቻ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የቀለም ፊልም በሚታጠብባቸው ቤተ ሙከራዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀለም የሚስተካከለው ነጭ ቆዳ ያላት ሴት በምትታይበት የመለኪያ ካርድ ነበር። ጠይሙ ፊት ከመለኪያው ውጪ ነበር ማለት ነው። ሰፊ የብርሃን ክልል ለጋቢውም ለፊቱም ቦታ ሲሰጥ ይህን የቆየ ጉድለት ይክሳል። ለአንድ ገበሬ በፎቶግራፉ ላይ ዓይኑና የግንባሩ መስመር መታየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ተመልካቹ ዓይኑን ካላየ የሚያስታውሰው ጋቢውን ብቻ ነው።

ስለ ይዘትና ስለ ቅርጽ በተነሡት የኪነ ጥበብ ውይይቶች ውስጥ ቅርጽ የይዘቱ አገልጋይ መሆን አለበት ሲባል ኖሯል። የብርሃን ጉዳይ ይህን አባባል በተግባር ይፈትነዋል። በስሜን አፋፍ ላይ ሦስቱን ምቶች የሚያነሣ ሰው ዘዴውን የሚያውለው ለምን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ዓላማው በጥላው ውስጥ ያለውን ማሳና ሰው ወደ እይታ ማምጣት ከሆነ ዘዴው ተራውን ምት ይበልጠዋል። ዓላማው ምድሩን ማስጌጥ ብቻ ከሆነ ግን ሦስቱ ምቶች አንዱ ምት ከሚሸፍነው የበለጠ ይሸፍናሉ።

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ግልጽ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ከማዋሐዱ በፊት የነበሩትን ምቶች ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ሊያስቀምጣቸው ይገባል፤ ነገ የሚያነጻጽር ሰው ይፈልጋቸዋልና። ከምስሉ ሥር በሚጻፈው መግለጫ ውሃው ከአንድ ምት፣ ሰማዩ ከሌላው መሆኑን መናገር የሥራውን ክብር አይቀንስም። መምህራን ለተማሪዎቻቸው በስልክ የተነሣን አንድ የሸለቆ ፎቶግራፍ አቅርበው ጥላው የት ሄደ፣ አረንጓዴውስ ከየት መጣ ብለው ቢጠይቁ ከብዙ ንግግር የበለጠ ያስተምራሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምስሉ በኤግዚቢሽን አዳራሽ ከመሰቀሉ በፊት የተነሣበትን አገር ሰው ቢያሳዩት ይበጃል። ከገደሉ ግርጌ የሚያርሰው ገበሬ ስለ ስቶፕና ስለ ዞን ባይሰማም ማሳውን ያውቃል። ምስሉን ይዞ ድንበሩን በጣቱ እያመለከተ፣ ይህ የእኔ ነው፣ ያኛው የጎረቤቴ ነው ካለ ብርሃኑ በትክክል ታድሏል። ይህ አገር የት ነው ብሎ ከጠየቀ ግን ሥራው እንደገና መጀመር አለበት።